ድንኳኑን የከለከልኩት እኔ ነኝ

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። መረጡኝ ለማለት ይከብዳል። የቀድሞው ጸሐፊ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሐዋሳ ሲሄዱ፣ በስብሰባው መካከል እስክሪብቶ የያዝኩ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ በጭብጨባ ጸደቀ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በችሎታዬ እንደተመረጥኩ አድርጌ ነው የኖርኩት። ጅማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሬከርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የተማሪ ካርድ ስሞላ፣ ማስረጃ ስጽፍ፣ ማኅተም ስመታ አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የቀረችኝ ማኅተም የእድሩ ብቻ ናት። በላስቲክ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣታለሁ፤ ከሚስቴ ወርቅ በላይ ነው የምጠነቀቅላት። ሚስቴ ወርቅ የላትም፤ ይህን ሁልጊዜ የምትጨምረው እሷ ናት።

መተዳደሪያ ደንቡን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ደንብ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንዶች ይቆፍራሉ፣ ሴቶች ያበስላሉ፣ አበቃ። እኔ ሠላሳ አንድ አንቀጽ አደረግኩት። መጀመሪያው ላይ «ትርጓሜ» የሚል ክፍል አስገባሁ፤ «በዚህ ደንብ ውስጥ ሟች ማለት» ብሎ ይጀምራል። ሟች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለጅማ ሰው በጽሑፍ ማስረዳቴ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው ሲነበብለት ግማሹ አንቀላፋ፣ ግማሹ አጸደቀ።

ከሁሉም የምኮራበት አንቀጽ አሥራ አንድ ነበር። «ድንኳን ከመጋዘን የሚወጣው ቀብሩ የሚፈጸምበት ሰዓት ከተረጋገጠ በኋላ ይሆናል» ይላል። ይህን የጻፍኩት በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ሆስፒታል የተኙ የሰፈራችን ሽማግሌ ሞቱ ተብሎ ድንኳን ተተከለ፤ ሴቶች ደረታቸውን ሲመቱ አረፈዱ፤ ሰውየው ግን እኩለ ቀን ላይ በባጃጅ መጥተው ከራሳቸው ድንኳን ፊት ለፊት ወረዱና «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ፤ አራቱንም ዓመት እኔን ባዩ ቁጥር ፊታቸውን አዞሩብኝ። ስለዚህ አንቀጽ አሥራ አንድ በእኔ ዘንድ የተፈተነ አንቀጽ ነበር።

አሁን ድንኳን ወደከለከልኩት ልጅ ልምጣ። እናቱ ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር ሙስሊም ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከመናኸሪያው ወዲያ ባለ የቡና መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ቁጭ ብላ፣ ከቡናው ውስጥ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ስትለቅም ትውላለች። እሑድም ሥራ ስላላት ወደ እድሩ ስብሰባ መምጣት አይሆንላትም ነበር፤ ልጁ ገና አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ተወካይ አድርጋ ላከችው። ደንቡ ተወካይ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ ዘጠኝ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አላገኘሁም። ልጁ ረጅም ነው፤ የኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና እግሩን እስከ ፊተኛው ወንበር ይዘረጋል። ደንብ ሳነብ በጥሞና የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነበር፤ የሚሰማኝ ግን ለክፋት ነው። አንድ እሑድ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ጸሐፊው ራሱ የሞተ እንደሆነ የቀብሩን ማስታወቂያ ማን ይጽፈዋል?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ጥያቄው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አደረግኩና በሚቀጥለው ስብሰባ «ጸሐፊው በሞት ቢለይ» የሚል አዲስ አንቀጽ አቀረብኩ። ደንቡ ሠላሳ ሁለት አንቀጽ የሆነው በእሱ የተነሳ ነው። ፊት ለፊት እቆጣው ነበር እንጂ በልቤ እወደው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ያህል ጽፌ፣ የጻፍኩትን አዳምጦ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ትምህርቱ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆመበት። አጋሮ ሄዶ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሠራ፤ ተመልሶ እናቱ የምትሠራበት መጋዘን ጆንያ ለመኪና ጫነ። ከዚያ አንድ ቀን ወታደር ልሆን ነው አለ፤ ሄደም። እግረኛ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ወጥቶ ሲመጣ ሰላም ሊለን ቤት ገባ። ከስቶ ነበር፤ አንገቱ ረዝሞ፣ ፊቱ ከስሎ፣ ግን ያው ነው፤ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እግሩን እስከ ጠረጴዛው ዘረጋ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ ስለ አገር ፍቅር ንግግር ጀመርኩ። ስለ ጀግንነት፣ ስለ አባቶች ደም፣ ስለ ወጣቱ ትውልድ ኃላፊነት አወራሁ። አፌ ሲከፈት መዝጊያ የለውም። ሚስቴ ሽንኩርቷን እየላጠች ቀና ሳትል፣

«ለመሆኑ አንተ ሸቤ የተደበቅከው ስንት ወር ነበር?» አለችኝ።

ይኸው ነው እንግዲህ። በደርግ ጊዜ ወጣት ለጦርነት ሲታፈስ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጎቴ ሸቤ ቡና ነበራቸው፤ ደረቅ ቡና በሚከማችበት ጎተራ ውስጥ ሰባት ወር ተቀመጥኩ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ጆንያ ውስጥ እሰወር ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ትንፋሼን ይዤ ከተኛሁበት ስነሳ፣ ውሻው ይጮህ የነበረው በጎረቤት ዶሮ ላይ እንደነበር ነገሩኝ። ይህን ታሪክ ሚስቴ ታውቀዋለች፤ እንግዳ ፊት እንዳታወራው ተስማምተን ነበር፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ አልነበረም።

ልጁ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና፣

«ጥሩ ቦታ ነው የመረጡት፣ ጋሼ። እኛም ጆንያ ጀርባ ነው የምንተኛው፤ የእኛው አፈር ነው እንጂ ቡና አይደለም» አለኝ።

ያፈርኩት ስለሳቀብኝ አይደለም። ስላልናቀኝ ነው። ሰባት ወር መደበቄን እንደ አንድ የምሽግ ታሪክ አድርጎ ተቀበለልኝ፤ እኔ ግን ንግግሬን ከቆመበት ለመቀጠል ሞከርኩ።

ሲሄድ በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ለመነኝ። እናቱ እሑድ ስብሰባ ካልመጣች ቀሪ እንዳልላት። «ተወካይ አላት ወይ?» አልኩት። «እኔ ነበርኩ ተወካይዋ፤ አሁን እርስዎ ይሁኑላት» አለኝ። እኔም ጸሐፊ ተወካይ መሆን እንደማይችል፣ የጥቅም ግጭት እንደሚያመጣ፣ በአንቀጽ ዘጠኝ ንዑስ ቁጥር ሦስት መሠረት አስረዳሁት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ «በሉ እሺ ጋሼ፣ ደንቡን ይጠብቁልኝ» ብሎ ሄደ። ከእሱ ጋር የተነጋገርነው የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ሌላ ሰው ምክር ይሰጣል፣ ይመርቃል፣ ይስማል፤ እኔ ንዑስ ቁጥር ሦስትን ነበር የነገርኩት።

ወሬው የመጣው በክረምት፣ ዝናቡ ያባራ አንድ ጠዋት ላይ ነው። አብሮት የዘመተ ጓደኛው ነኝ ያለ ሰው፣ ሰርቦ ለሚኖረው ለልጁ አጎት ስልክ ደውሎ መሞቱን ነግሮት ነበር፤ አጎቱ ሽማግሌዎች ይዞ መጣና ለእናቱ ነገሯት። ጩኸቷን የሰማሁት ጢሜን እየተላጨሁ ነው። ግማሽ ፊቴ አረፋ እንደሆነ ቆሜ ቀረሁ። ወዲያው የሰፈር ወጣቶች በሩን አንኳኩ፤ የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ የሚቀመጠው እኔ ጋ ነውና።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው «ቀብር የለም፣ ጋሼ። እዚያው ነው የቀረው» አለኝ።

«ማን ነገራችሁ? ደብዳቤ መጥቷል?»

ደብዳቤ አልመጣም። ስልክ ነው። የደወለው ማን እንደሆነ አጎትየው በደንብ አያውቅም፤ መስመሩም ተቆርጧል። እኔም በአረፋዬ እንደሆንኩ ደንቡን አውጥቼ አንቀጽ አሥራ አንድን አነበብኩላቸው። ወጣቶቹ ወደ ሊቀመንበሩ ሄዱ።

ሊቀመንበራችን ሐጂ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ቀስ እያሉ መጥተው በር ላይ ቆሙ።

«ጸሐፊ፣ ቁልፉን ስጥ» አሉኝ።

«ሐጂ፣ በባጃጅ የመጡትን ሰውዬ ያስታውሳሉ?» አልኳቸው። «ተሳስተው ቢሆንስ? ቆስሎ አንድ ቦታ ተኝቶ ቢሆንስ? በሕይወት ባለ ልጅ ላይ የሐዘን ድንኳን እንትከልበት?»

ሐጂ መሬት መሬት አዩ። «ያ ረቢ። ዱጋ ነው፣ እውነትህን ነው፤ ሰው ይሳሳታል» አሉ። አጎትየው ደግሞ ከኋላቸው ሆኖ «ማል ጎና? እንግዲህ ምን እናድርግ?» ይላል። አሳመንኳቸው። በሕይወቴ ሰው ያሳመንኩት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እውነቱን ልናገር። ልጁ መሞቱን በሰማሁ ጊዜ እውነት እንዲሆን አልፈለግኩም። እንደ ሰው ጮኼ ማልቀስ ሲገባኝ፣ እንደ ሬከርድ ክፍል ሠራተኛ ማስረጃ ጠየቅኩ። ያ ባልከፋ። የባሰው፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ራሴው እናቱ ቤት ሄጄ ይህንኑ ማወጄ ነው። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ሻሿ ወልቆ ታለቅሳለች።

«እህቴ» አልኳት፤ «ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ሞተ አይባልም። በደንቡም፣ በሕግም። እኔ እከታተለዋለሁ።»

ልቅሶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሻሿን አነሳች፣ ፊቷን ጠረገች።

«እንደዚያ ነው እንዴ? እርስዎ ካሉ እሺ» አለች።

ተነስታ ሴቶቹን ወደ ቤታቸው ሸኘቻቸው። እኔም ተስፋ የሰጠሁ መስሎኝ ቀጥ ብዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቡና ለቀማዋ ተመለሰች። ሴቶቹ «እንዴት ነው ነገሩ?» ሲሏት፣ «ጠፍቶ ነው እንጂ አልሞተም። ጸሐፊው የተማረ ሰው ነው፣ ያውቃል። ሞቶ ቢሆን ድንኳን ይከለክለኝ ነበር?» አለቻቸው። ይህን የነገረችኝ ሚስቴ ናት። ነገር ስታመጣ ከራሷ ሁለት ሦስት ቃል ሳትጨምር አታመጣም፤ ያን ቀን ግን ምንም አልጨመረችም፤ ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ልብሱን አጥባ፣ አጣጥፋ አስቀመጠች። ስልኳን ለአፍታ እንኳ አታጠፋም። ዓርብ ዕለት ደግሞ ሐጂ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። አስከሬን በሌለበት ለሟች የሚሰገድ ሰላት አለ፤ መስጊድ ውስጥ ሊሰግዱለት ተዘጋጅተው ነበር። እናቱ ግን «ወረቀቱ ይምጣ፤ በሕይወት ላለ ሰው እንዴት ይሰገዳል?» ብላ እምቢ አለች።

«ሃይማኖቱ መንገድ ነበረው» አሉኝ ሐጂ፤ «አንተ ነህ መንገድ ያጣኸው። ድንኳኑን ከለከልክ፣ ሰላቱንም አስቀረህ።» ብለው ጥለውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ መጻፍ ጀመርኩ። ለአንድ ቢሮ ጻፍኩ፤ እኛን አይመለከተንም አሉ። ወደ ሌላ ሄድኩ፤ ቤተሰብ ነው የሚያመለክተው አሉኝ። ሦስተኛው ዘንድ የነበረው ልጅ መነጽሩን አስተካክሎ ደብዳቤዬን ከላይ እስከ ታች አነበበና፣ «አባት፣ እድር በምን ሥልጣኑ ነው የሚጠይቀን? እኛም የምንሠራው በደንብ ነው» አለኝ። ድምፁ ለዘብ ያለ፣ ፊቱ ንጹሕ፣ እስክሪብቶው ደረት ኪሱ ውስጥ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ቁርጥ እኔን ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ተማሪ ስመልስ እንደነበርኩት። ስንቱ ሰው ከእኔ መስኮት እንደዚህ እየሆነ እንደሄደ ያን ቀን ነው የገባኝ። ሆኖም በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ደብዳቤ ይዤ ተመለስኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለማ።

እሷ ከሥራ ስትመለስ፣ ወደ አመሻሹ ላይ፣ በአጥራችን በኩል ታልፋለች። በየቀኑ ቆም ብላ ትጠይቀኛለች።

«መጣ፣ ጋሼ?»

«አልመጣም።»

«አልሃምዱሊላህ» ትልና ትሄዳለች።

ይህን ሁለት ወር ሰማሁት። ሌላው ሰው ጉዳዩ ስላልተፈጸመለት ያዝናል፤ እሷ ግን ባልተፈጸመ ቁጥር ታመሰግናለች። እኔም መንገድ መቀየር ጀመርኩ። ሰዓቷን ጠብቄ በባጃጅ ተራው በኩል፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ እዞር ነበር። አንድ ቀን ኮቴን ለብሼ፣ ፋይሌን እንደያዝኩ ተንሸራትቼ ጭቃው ውስጥ ተዘረጋሁ። ስነሳ ከፊቴ ቆማለች፤ እሷም ጭቃውን ሽሽት መንገድ ቀይራ ኖሯል። ፋይሌን አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝና «መጣ እንዴ?» አለች። ጭቃዬን እንደተለቀለቅኩ «አልመጣም» አልኳት።

ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ ረፋድ ላይ በክራንች የሚሄድ ወጣት ቤታችን መጣ። የአጋሮ ልጅ ነው፤ ጅማ ሆስፒታል ለቀጠሮ መጥቶ ነው። ቀኝ እጁ በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንገቱ ላይ የክር ማተብም አለ። ለአጎትየው የደወለው እሱ ነበር። የልጁን እናት ቤት ሲጠይቅ፣ ሰፈርተኛው «የወረቀቱን ነገር የያዘው ጸሐፊው ነው» ብሎ ወደ እኔ ላከው።

ሻይ ቀዳንለት፤ አልጠጣውም። አብረው ምሽግ ውስጥ እንደነበሩ፣ ልጁ አጠገቡ እንደተመታ፣ ብዙ እንዳልቆየ ነገረን። ከሁለት ጓዶች ጋር ሆነው በገዛ እጃቸው ቀብረውታል። «የእነሱን ሥርዓት አላውቅም» አለን፤ «ግን ሲሰግድ ወዴት እንደሚዞር በየቀኑ አየው ስለነበር፣ ፊቱን ወደዚያው አዞርነው።» ሚስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

እኔስ ምን አልኩ? ለመናገር አፍራለሁ። «ማስረጃ ይዘሃል?» አልኩት።

«የለኝም፣ ጋሼ። ወረቀቱን አላውቅም። የማውቀው መቅበሬን ነው» አለኝ፤ አልተቆጣኝም።

አብረን እንሂድና ንገራት አልኩት። ከአጋሮ እስከ ጅማ የሚነግራትን ሲለማመድ እንደመጣ፣ ሰፈሩ ሲደርስ ግን እሷ ጋ መግባት እንዳቃተው ነገረኝ። «እርስዎ ይንገሩልኝ» ብሎ ለመነኝ። የመረጠው ሰው ደግሞ! ከውሻ ጩኸት ጆንያ ውስጥ የተደበቀውን ሰው። ግን ሌላ ማን ነበር? ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ያን ቀን ቤት ነበረች። ከተቀመጥኩ በኋላ ዙሪያውን ብዙ ዞርኩ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው አወራሁ። በመጨረሻ የልጁ ጓደኛ መምጣቱን፣ በእጁ መቅበሩን ነገርኳት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ወረቀቱስ?»

«አልመጣም።»

«አልሃምዱሊላህ። ታዲያ ምን ያስቸኩልዎታል? እርስዎ ራስዎ አይደሉ ወረቀት ሳይመጣ አይባልም ያሉት?» አለችኝ፤ አልተቆጣችም፤ ልታጽናናኝ ነበር የምትሞክረው። ከዚያ ሻይ ላፍላ ብላ ተነሳች።

የዚያን ጊዜ ገባኝ። በዚህ ምድር ላይ ልጇን እንድትቀብር ሊያደርጋት የሚችለው ወረቀት ብቻ ነው፤ ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የሚመጣ ወረቀት ደግሞ የለም። ሻዩን ሳልጠብቅ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ በእድሩ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ። የመንግሥት ደብዳቤ አስመስዬ አልጻፍኩም፤ ያንን ያህል እንኳ አልደፈርኩም። የምናውቀውን ብቻ ጻፍኩ። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ዕድሜው፣ እግረኛ ወታደር እንደነበረ፣ በጦርነት እንደሞተ፣ ጓዶቹ እንደቀበሩት፣ ፊቱ ወዴት እንደዞረ። ማኅተሙን ላስቲኩ ውስጥ እንደተጠቀለለ ኪሴ ከትቼ፣ ልጁ ወደ አጋሮ ሳይመለስ ልደርስበት ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ ባጃጅ የቀደመችኝ ሦስት ጊዜ ነው።

የአጋሮው ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ረዳቱ «ፋዘር፣ ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው» እያለ ይገፋኛል። «ፈርምልኝ፣ ልጄ» አልኩት በመስኮቱ በኩል። እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ በግራ እጁ፣ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጠማማ ፊርማ ፈረመ። ከመናኸሪያው ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህ በየትኛው አንቀጽ ነው?» አሉኝ።

«አንቀጽ የለውም፣ ሐጂ።»

ፈረሙና ማኅተሙን ራሳቸው መቱት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ሐጂ፣ እኔና ሚስቴ ሄድን። ሁለት ጎረቤት ሴቶችም ተከተሉን። ወረቀቱን እጄ ላይ ስታይ በሩ ላይ ቆመች። «መጣ?» አለች።

«መጣ» አልኳት።

ተቀመጠች። እኔ ግን ቆሜ አነበብኩ፤ ስብሰባ ላይ የማነብበት ድምፅ የት እንደሄደ አላውቅም። ስሙን ከእነ አባቱ አነበብኩ። የእሷን ስም አነበብኩ። ዕድሜ ሃያ አራት ስል እጇን አነሳች።

«ሃያ አራት አይደለም። እሸት ቡና ሲለቀም ነው የወለድኩት። ሃያ ሦስት ራሱ ገና አልሞላውም ነበር።»

«ይቅርታ፣ እህቴ።»

«ያስተካክሉት።»

ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ዋጋ የለውም ብዬ ስንት ተማሪ አስለቅሼ መልሻለሁ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ። አጠገቤ መጥታ ቆመች፤ ማንበብ አትችልም፤ ግን እጄን ተከትላ አየች። ሃያ አራትን ሰርዤ ከላዩ ሃያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

«አሁንስ?» አለች።

«አሁን ሃያ ሁለት ይላል።»

«ይቀጥሉ።»

እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ፊቱን ወዴት እንዳዞሩት የሚለው ቦታ ስደርስ «እሱን ይድገሙልኝ» አለች፤ ደገምኩት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለችኝ። በጣቷ የተሰረዘውን ቦታ ዳሰሰችው።

«አሁን ልክ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ደርሰው ያዟት። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ጨምድዳ ይዛ፣ ጮክ ብላ ሳይሆን፣ አጠገቧ ላለ ሰው እንደሚነገር አድርጋ አወራችው።

«ኢልማ ኮ። ልጄ። ሁለት ወር ሙሉ አላለቀስኩልህም። እናት የለውም ብለውህ ይሆናል እዚያ።»

ሐጂ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። እኔ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ፤ ድንኳኑን ለማምጣት ልሄድ ነበር። ሐጂ ከእጄ ወስደው ወጡ። እኔ ከሴቶቹ መካከል መሬት ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።